ድርም ማግም የሌለው

አማርኛ ስለ ጨርቅ ማሰብ የሚጀምረው ከክር ነው። ጥጡ ይዳመጣል፣ ይነደፋል፣ በእንዝርት ይፈተላል፤ ድሩ ይዘረጋል፣ ማጉ በመወርወሪያ ከግራ ቀኝ ይመላለሳል፤ ከዚህ መንገድ ውጭ የመጣ ነገር ቢኖር ወይ ቆዳ ነው ወይ ላስቲክ። ሰዎች እንዲተባበሩ ስንፈልግ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን፤ ባልና ሚስት ሲስማሙ ድርና ማግ ሆኑ እንላለን፤ ጥበብ የሚለው ቃል ራሱ ከጠቢቡ ሰሎሞን ራስ ወርዶ የሀበሻ ቀሚስ ጠርዝ ላይ ከተቀመጠ ቆይቷል። በእንዲህ ያለ ቋንቋ ያደገ ሰው ያለ ክር የተሠራ ጨርቅ ሲያይ መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ «ይሄ ገና አላለቀም» የሚል ነው። ሸማኔው ምሳ ሊበላ ወጥቶ በዚያው የቀረ ይመስላል። ፌልት የሚባለው ጨርቅ እስከ ዛሬ በእንግሊዝኛ ስሙ የሚጠራው ለዚህ ይመስለኛል። ለባርኔጣ እንፈልገዋለን፣ ለልጆች የእጅ ሥራ እንገዛዋለን፣ ዘመድ አድርገን ግን አልቆጠርነውም።

አሁን ደግሞ የእጅ ሥራ የሚወዱ ሰዎች በጉጉት የሚሞክሩት አንድ ዓይነት መጥቷል፤ ቅርጽ የሚይዝ ፌልት። ቁራጩ እንደ ተራ ፌልት ለስላሳ ሆኖ ይመጣል። በእንፋሎት ወይም በፀጉር ማድረቂያ ይሞቃል፣ አንዳንዱ ደግሞ ይረጥባል፤ ከዚያ በተገለበጠ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ተጭኖ ሲቀዘቅዝ ወይም ሲደርቅ ሳህን መስሎ ይቀራል። አበባ፣ ጭንብል፣ የጌጥ ሣጥን፣ የአሻንጉሊት ኮፍያ ይወጣዋል። የሚሞቀው ዓይነት ምስጢሩ ሲሞቅ የሚላላ፣ ሲቀዘቅዝ የሚጠነክር ፕላስቲክ ነው። ከተጣሉ የውሃ ጠርሙሶች የሚሠራ ፌልትም ስላለ ጠጥተን የወረወርነውን መልሰን በገንዘባችን እንገዛዋለን ማለት ነው። በኡጋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የታችኛው ሁለተኛ ደረጃ ሥርዓተ ትምህርት ተለውጦ ተማሪ በእጁ ሠርቶ የሚያሳየው ፕሮጀክት በዝቷል (ተማሪው የሚጀምረውን ወላጅ በሌሊት የሚጨርሰው መሆኑ ከአገር አገር የማይለወጥ ሕግ ነው)፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ዕቃ በካምፓላም ፈላጊ አያጣም። እኔ የምለው ግን ይህ ነው፦ የካምፓላ ሰፈር በሆነው ካምዎክያ የሚኖር ሰው፣ አገሬው ይሁን አበሻ፣ ቅርጽ የሚይዝ ፌልት ከባሕር ማዶ ማስመጣት ከሚያስፈልጋቸው የዓለም ሰዎች ሁሉ ወረፋው መጨረሻ ላይ መቆም አለበት። ነገሩ ሰፈሩ ውስጥ አለ፤ አንዱ ሰው ራስ ላይ፣ ሌላው ዛፍ ላይ። (ስለ ስሙ፦ ሲጻፍ ካምዎክያ ነው፣ በአገሬው አፍ ግን ወደ ካምዎቻ ያደላል። የሞተር ታክሲ፣ የቦዳ ቦዳ፣ ነጂ ፊት እንደተጻፈ ያነበበ ሰው እንግድነቱን ከዋጋው ላይ ያገኘዋል።)

ፌልት ምን እንደሆነ ለመረዳት ከቤተ ሙከራ ይልቅ የካምፓላ አሮጌው ታክሲ ተራ ይሻላል። ማታ ዝናብ ሲጥል 14 ሰው የሚጭነው ታክሲ በር ላይ የሚሆነውን አስቡት። ማንም ማንንም በእጁ አልያዘም፣ ማንም ከማንም ጋር አልተፈተለም፤ ሙቀት፣ እርጥበትና ግፊያ ሲገናኙ ግን አንዱን ሰው ብቻ ለይቶ ማውጣት የማይቻልበት ደቂቃ ይመጣል። የበግ ፀጉርም እንደዚሁ ነው። እያንዳንዱ ፀጉር በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ሽፋን አለው፤ ሙቅ ውሃና ሳሙና ነክቶት ሲታሽ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይነካከሳሉ፣ ወደ ፊት ይገባሉ እንጂ ወደ ኋላ አይመለሱም። ለአባት የተገዛ የሱፍ ሹራብ በፈላ ውሃ ታጥቦ ለልጅ የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሹራቡ ወደ ፌልትነት እየሄደ ነው፣ አባትየው አልገባቸውም እንጂ። አሁን ነጠላ ወስዳችሁ የተገለበጠ ሳህን ላይ ጫኑት። ድሩ በቁመቱ፣ ማጉ በወርዱ ግትር ብሎ ጠርዙ እጥፋት በእጥፋት ይሆናል፤ ትንሽ የሚለጠጠው በሰያፉ ሲሳብ ብቻ ነው። የተሸመነ ጨርቅ ሥርዓት አለው፣ ሥርዓት ያለው ነገር ደግሞ በቀላሉ ሳህን አይሆንም። ፌልት የሚያከብረው አቅጣጫ ስለሌለ ወደ ተገፋበት ይሄዳል፣ የሄደበትም ይረጋል። እንግዲህ ቅርጽ መያዝ አሁን የተጨመረለት ሙያ አይደለም፤ ድር የሌለው በመሆኑ ከጥንት ያገኘው ነው። አሁን የተጨመረው ቅርጹን የሚያጠነክረው ማጣበቂያ ነው።

የጥንትነቱን ማስረጃ በአጭሩ ልለፈው። በሳይቤሪያ አልታይ ተራሮች፣ ፓዚሪክ በሚባለው ስፍራ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በተቆፈሩ መቃብሮች ውስጥ በረዶ ያቆየው ከፌልት የተሠራ የውሃ ወፍ ተገኝቶ ዛሬ ሴንት ፒተርስበርግ በኤርሚታዥ ሙዚየም ይታያል፤ ከ2000 ዓመት በላይ አልፎትም ወፍ ይመስላል። የሞንጎሊያ እረኞች ቤታቸውን በፌልት ያለብሳሉ። የዳግማዊ ምኒልክ ያ ጥቁር ሰፊ ባርኔጣም ፌልት ነበር፤ በነጭ ሻሽ ላይ ሲደፉት የተሸመነውና ያልተሸመነው ጨርቅ በአንድ ንጉሥ ራስ ላይ ተስማምተው ይውሉ ነበር። አውሮፓና አሜሪካ የጥንቸልና የቢቨር ፀጉርን በሜርኩሪ እያሹ ባርኔጣ ሲሠሩ የሠራተኞቻቸው እጅ ይንቀጠቀጥ፣ አእምሯቸው ይቃወስ ነበር። አሜሪካ ይህን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1941 ነው። ወደ ካምዎክያ ስንመጣ ደግሞ ቀይ ቦኔት አለ። ደንበኛው ቦኔት ከሱፍ ክር ይሠራና በሙቅ ውሃ እየተመታ ክሩ እስኪጠፋ ይጠቀጠቃል፤ ከዚያ በክብ ቅርጽ ላይ ተወጥሮ ይደርቃል። ከዚህ በላይ ቅርጽ የያዘ ፌልት የት ይገኛል? ካምዎክያ ያደገው ዘፋኙ ሮበርት ቻጉላኒ፣ ዓለም ቦቢ ዋይን የሚለው፣ ይህን ቆብ የፖለቲካ እንቅስቃሴው ምልክት አደረገው፤ መንግሥት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 በጋዜጣ አውጆ የጦር ሠራዊት ልብስ ነው፣ ሲቪል እንዳይለብሰው አለ። ማን ልክ እንደሆነ መፍረድ የዚህ ወግ ሥራ አይደለም። እኔ የማየው አንድ ነገር ነው፤ በአንድ ዓይነት ጨርቅ ላይ አዋጅ ከወጣ ያ ጨርቅ ቅርጹን እንደሚይዝ መንግሥትም መስክሮለታል።

ዋናው ማስረጃዬ ግን ዛፉ ነው። የኡጋንዳ ሙዚየም ከካምዎክያ ብዙ ሳይርቅ በኪራ መንገድ ላይ ይገኛል፤ ሙዚየሙ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው፣ አሁን ያለበት ሕንፃ ውስጥ የገባው በ1954። ከሚያስጎበኛቸው ነገሮች መካከል የባጋንዳ ሕዝብ የቅርፊት ጨርቅ አለ፤ በቋንቋቸው በሉጋንዳ ኦሉቡጎ ይሉታል። ዛፉ ሙቱባ ነው፣ የዋርካና የሾላ የቅርብ ዘመድ። እኛ ዋርካ ሥር ተቀምጠን እንታረቃለን፤ ባጋንዳ የዋርካን ዘመድ ገፈው ይለብሱታል። በዝናብ ወራት የግንዱ ላይኛ ቅርፊት ይፋቃል፣ የውስጡ ልጥ ከላይና ከታች ተቀርጾ እንደ ካፖርት ተገልጦ ይወጣል፣ በእሳት ወይም በሙቅ ውሃ ይለሰልሳል፤ ቀጥሎ በግንድ ላይ ተዘርግቶ ፊታቸው ቦይ ቦይ ያለው የእንጨት መዶሻዎች ይወርዱበታል፤ መጀመሪያ ቦዩ ሰፊ በሆነው፣ መጨረሻ ላይ በደቃቁ። ሥራው የሚሠራው ጎኑ ክፍት በሆነ ዳስ ውስጥ ነው፣ ልጡ ፈጥኖ እንዳይደርቅ። ድምፁን ለማሰብ ሙቀጫና ዘነዘና የሚያውቅ አበሻ አይቸገርም፤ ልዩነቱ የእኛ ወቀጣ በርበሬውን ሲያደቅ የእነሱ ወቀጣ ልጡን ማስፋቱ ነው። ጠባቡ ቅርፊት በርካታ እጥፍ ይሰፋል፣ ሲወጣ ገረጥ ያለው ፀሐይ ሲመታው የሸክላ መልክ ያመጣል፤ ቅርንጫፍ የነበረበት ቀዳዳ በራሱ ቁራጭ ተጥፎ ይሰፋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2005 ከሰው ልጅ የቃልና የማይዳሰስ ቅርስ ድንቅ ሥራዎች አንዱ ብሎ ሲያውጀው ከሽመና መፈልሰፍ በፊት የነበረ ሙያ መሆኑን ነው የመሰከረለት። ሌላም የሚያስቀና ነገር አለ። በባጋንዳ ምድር በቡጋንዳ ሥራው በልማድ የንጎንጌ ጎሣ ነው፣ አለቃቸውም ካቦጎዛ የሚባል የዘር ማዕረግ አለው። እኛ ሸማውን ለብሰን ቤተ ክርስቲያን እየሳምን፣ የሠራውን ሸማኔ ቁጢት በጣሽ እያልን ስንሰድብ የኖርን ሰዎች ይህችን ቀስ ብለን ብናነባት አይከፋም።

መቼም እዚህ ላይ አንድ ጠንቃቃ አንባቢ እጁን ያወጣል፦ ቅርፊት ፌልት አይደለም፣ ፌልት ከበግ ነው ይላል። በቃል ደረጃ እውነቱን ነው። ልጡ የእንስሳ ፀጉር የለውም፣ የሚነካከስ ቅርፊት ያለው ጭረትም አይደለም፤ ዛፉ ላይ ሳለ የተጠላለፉ ጭረቶች ናቸው በመዶሻ የተዘረጉት። ግንድ ግንድ ነውና ጭረቱ ወደ ቁመቱ ያደላል፣ በቁመቱም በቀላሉ ይቀደዳል፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ነገር ግን በዚህ ሚዛን ከተመዘነ በግን አይቶ የማያውቀው የፖሊስተር ፌልትም ከቤተሰቡ ይባረራል፤ እርሱ ጥርስ ባላቸው መርፌዎች እየተወጋ የተጠላለፈ የነዳጅ ልጅ ነው። ለዕደ ጥበብ ሠሪ የሚጠቅመው ጥያቄ እናትህ ማን ናት የሚለው ሳይሆን ያለ ድርና ማግ ትቆማለህ ወይ፣ እርጥብ ሆነህ ስትገፋ ትሄዳለህ ወይ፣ ስትደርቅ ትረጋለህ ወይ የሚለው ነው። ሦስቱንም ኦሉቡጎ ያልፋል። ባርኔጣ፣ ቦርሳ፣ የመጽሐፍ ሽፋን ሆኖ በካምፓላ የእጅ ሥራ ገበያዎች ይሸጣል፤ ኡጋንዳ የተወለደችው ዲዛይነር ሆሴ ሄንዶ ለንደን ላይ ቀሚስ ትሠራበታለች፤ ኡጋንዳዊው የጨርቃ ጨርቅ መሐንዲስ ሳምሶን ርዋዊሬ ከባልደረቦቹ ጋር ይህንኑ ጨርቅ ከኤፖክሲ ጋር አጣምሮ ለመኪና የውስጥ ሽፋን የሚሆን ጠንካራ ሰሌዳ ማድረግ እንደሚቻል አጥንቷል። እዚያ ላይ ሙጫ መጨመሩን አልክድም፤ ካስፈለገ ሙጫ እኛም እንችላለን ለማለት ያህል ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከጠንቃቃው ሳይሆን ከደከመው ወላጅ ነው፦ አዲሱ ፌልት ሐምራዊ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ አለው፤ በመቀስ ይቆረጣል፣ ሙያ አይጠይቅም፣ በአንድ ምሽት ያልቃል። የእናንተ ቅርፊት ግን ሸክላ ነው፣ ነገም ሸክላ ነው። ለዚህ ግማሽ እጄን እሰጣለሁ። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሚረከብ ቢራቢሮ ካለ፣ ቢራቢሮውም ሐምራዊ መሆን ካለበት፣ ሄዳችሁ ፖሊስተሩን ግዙ፤ እኔም አላየሁም። የነገሥታቱና የአለቆቹ ኦሉቡጎ ነጭ ወይም ጥቁር ይደረግ ነበር፣ ከዚያ ወዲያ ግን የቀስተ ደመና ተስፋ አልሰጥም። ግማሽ እጄን የማልሰጠው «ሙያ አይጠይቅም» የሚለው ውዳሴ ላይ ነው። ሙያ የማይጠይቅ ዕቃ ሲመሰገን ሁሌ ይገርመኛል፤ ልጅ የእጅ ሥራ እንዲሠራ የታዘዘው እጁ ሙያ እንዲለምድ አይደለም እንዴ? ፀጉር ማድረቂያ መያዝ ለመማር ትምህርት ቤት አያስፈልግም፣ ታላቅ እኅት ትበቃለች።

ሦስተኛው ከበድ ይላል። ኦሉቡጎ ሬሳ የሚጠቀለልበት ጨርቅ ነው፤ የባጋንዳ ሐዘን ያለ እርሱ አይሆንም። ካምፓላ ካሱቢ በሚገኘው የቡጋንዳ ነገሥታት መቃብር፣ ቀዳማዊ ሙቴሳ እ.ኤ.አ. በ1882 ቤተ መንግሥት አድርጎ ባሠራውና በ1884 ራሱ በተቀበረበት፣ የነገሥታቱን ማረፊያ ከጎብኚው ዓይን የሚጋርደው ይኸው ጨርቅ ነው። ዋናው ቤት መጋቢት 16 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. በእሳት ሲጋይ አገሬው የለቀሰው እንደ ሰው ሞት ነበር። ታዲያ በዚህ ጨርቅ የአሻንጉሊት ኮፍያ መሥራት ድፍረት አይሆንም? ይህን ተቃውሞ አከብራለሁ፣ ግን ግማሽ ታሪክ ይመስለኛል። የዓረብ ነጋዴዎች በ19ኛው መቶ ዘመን የጥጥ ጨርቅ ይዘው እስኪመጡ ድረስ ኦሉቡጎ የሁሉ ቀን ልብስ ነበር፤ መጋረጃ፣ የመኝታ ልብስ፣ የወባ ትንኝ መከለያ፣ የዕቃ ማስቀመጫም ነበር። ከሞት ጋር ይበልጥ የተቆራኘው ጥጡ ሕይወቱን ስለወሰደበት ነው። እኛም ሰሌን የምናውቀው በሁለት መልኩ ነው፤ ሟች ይጠቀለልበታል፣ ሌላ ቀን ደግሞ ተነጥፎ እንግዳ ይቀመጥበታል፣ እንግዳውም አይደነግጥም። ከመቃብር ቤት የወጣን ጨርቅ መቁረጥ ሌላ ነገር ነው፣ ማንም እንዲያ አላለም። ሠሪው ለገበያ ያወጣውን ገዝቶ ሳህን ማድረግ ግን የዳሱ መዶሻ እንዳይቆም ያደርጋል።

ዛፉስ? ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ እንደሚሞት ገበሬ ያሳደገው ሁሉ ያውቃል፤ በእኛ አገር ዛፍ መግደል የፈለገ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሙቱባ ግን ይህን ሕግ አልሰማም። ልጡ እንደወጣ የተራቆተው ግንድ በሙዝ ቅጠል ይጠቀለላል፣ ቅጠሉ ሥር አዲስ ቅርፊት ያወጣል፣ ከዚያም ዳግመኛ ይላጣል፤ አንዱ ዛፍ ለብዙ አሥርት ዓመታት ጨርቅ ይሰጣል። ቆጮን በእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ ለሚቀብር ሕዝብ የሙዝ ቅጠል ፋሻ መሆኑ ብዙም አይገርመውም፤ እንሰትና ሙዝም ቢሆኑ ያክስት ልጆች ናቸው። የውሃ ጠርሙስን ወደ ፌልት መለወጥ ጥሩ ሥራ ነው። ጠርሙሱ ግን ራሱን መልሶ አያበቅልም፤ ቢያበቅልማ የካምዎክያ የዝናብ ቦዮች እስካሁን ዱር ይሆኑ ነበር።

ሁሉን ክርክር በአንድ ዕቃ መፈተን ይቻላል፣ ያም የጀበና ማቶት ነው። በካምፓላ በስተደቡብ፣ ካባላጋላ በሚባለው ሰፈር ያሉት የአበሻ ቡና ቤቶች ይህን ፈተና በየቀኑ ሊያደርጉት ይችላሉ። ሥሩ ክብ የሆነ ጀበና ብቻውን አይቆምም፤ የሚቀመጥበት ክብ ነገር ይፈልጋል፣ ክብ ነገር ደግሞ ለቅርጽ ያዥ ፌልት የተፈጠረ ሥራ ነው። ካምፓላ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ 96 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል፤ ከከሰል የወረደ የጀበና ሥር ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ፖሊስተር ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ባለው መካከል መላላት ይጀምራል። ስለዚህ በፀጉር ማድረቂያ ክብ የሆነው ማቶት አቦል ሲወርድበት ቀስ እያለ ወደ ቁራጭነቱ ይመለሳል፤ በሙቀት የተሰጠውን ሙቀት ይወስድበታል፤ ቶና ላይ ጀበናው ያዘነብላል፣ በረካ ጨርሶ ላይቀዳ ይችላል። ኦሉቡጎውን ደግሞ አርጥቡት። ቁመቱን ከወርዱ ለዩ፣ እንዳይቀደድ ጠርዙን አጥፋችሁ ሁለት ሦስት ድርብ አድርጉት፣ በተገለበጠ ጎድጓዳ ሳህን ላይ በሲባጎ እሰሩ፣ ጠንከር እንዲል የካሳቫ ስታርች ቀቡት፣ በጥላ ይድረቅ። ውሃ ከፈሰሰበት እርሱም ይለሰልሳል፣ መልሶ በሳህኑ ላይ ማሰር ነው። ፍም ከነካው ግን ይቃጠላል። ያኔ የቅርንጫፉ ቀዳዳ እንደሚጠገነው ከራሱ ቁራጭ ወስዶ መጣፍ ነው፤ ለመጣፊያው ክር ያስፈልጋልና አንድ ሸማኔ ቢኖር ጥሩ ነው።